ከአያት ማዶ ያለው ስቱዲዮ፦ ከባንድ ወጥቶ ለብቻው ለሚቀርጽ ሰው

ከአያት የቀላል ባቡር መጨረሻ ፌርማታ ተወርዶ የለገጣፎ ታክሲ ይያዛል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ጋ ሲደረስ ደግሞ ባጃጅ ያስፈልጋል፤ ጊታርና የእግር ፔዳሎች ተሸክሞ በእግሩ ለሚሞክረው ሰው ዳገቱ አይራራም። መንገዱ ሲያልቅ በአረንጓዴ የብረት በር የተዘጋ ግቢ አለ። በሩ ላይ ስምም ታፔላም የለም። ስቱዲዮው የሚገኘው ሰው በሰው ተጠቋቁሞ ሲሆን እኔንም የላከኝ አንድ የማውቀው ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። በዚህ ክረምት፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ፣ ሦስት ዘፈን ለመቅረጽ ዘጠኝ ቀን ተመላልሼበታለሁ።

አገልግሎቱን የመዘንኩበት ሚዛን ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ። ለሰባት ዓመት በአንድ አነስተኛ የሮክ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ስጫወትና ሁለተኛ ድምፅ ስዘፍን ቆይቻለሁ። አራት ነበርን። ባንዱ አልፈረሰም፤ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያለ ጠብ። ያን ጊዜ ስቱዲዮ ስንገባ የምንከራየው ክፍሉንና ማይኩን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ስሳሳት ከበሮ መቺው ዱላውን አንጠልጥሎ ያየኛል፣ ግጥሙ የደከመ እንደሆነ ድምፃዊው ከንፈሩን ጠምዞ ያነበዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይናገር መስመሩ ይቀየራል። ለብቻዬ ስወጣ ያጣሁት ይህንን መሆኑ የገባኝ በጓዳዬ ስድስት ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ ሠርቼ ስድስቱንም ከወደድኳቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ቤት ስሄድ የፈለግሁት ጥሩ ማይክ ብቻ አልነበረም፤ «ይኼ አይሆንም» የሚለኝ ሰው ጭምር ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የድምፅ ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ፋይል ከፈተና «በማን ስም ላስቀምጠው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። የባንዱን ስም ልጠራ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት፤ የራሴን ስም ከነአባቴ ስም ብናገር ደግሞ የሌላ ሰው ፋይል የተከፈተ መሰለኝ።

በእኛ አገር ለብቻ መውጣት ብርቅ ቢሆን ኖሮ ይህ መደናገር አይገርምም ነበር። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ዘመን ጀምሮ አድማጭ በስም የሚጠራው ድምፃዊውን ነው፤ ጥላሁን ገሠሠን የማያውቅ የለም፣ ከኋላው ሳክስፎን ይነፋ የነበረውን ሰው ግን ስንቶቻችን እንጠራዋለን? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማህሙድ አህመድን ያጀበው አይቤክስ ባንድ፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ተብሎ የብዙ ድምፃውያንን ካሴት የሠራው ቡድን ሙዚቃችንን ያን ያህል ቢቀርጸውም፣ ሰው ካሴቱን ሊገዛ ሲሄድ የሚጠራው የዘፋኙን ስም ነበር። ልዩ የሆነው እንዲያውም ባንድ እንደ ባንድ በስሙ መውጣቱ ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ አራት ድምፃውያን ከፊት ቢሰለፉም አልበሙ የማንኛቸውም ሳይሆን የባንዱ ነበር፤ ለእኛ ዓይነቶቹ ያኔ ጊታር ለያዝን ልጆች ትልቁ ዜና ይኸው ነበር። ባሕር ማዶ ደግሞ ልማዱ ሌላ ነው። የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ከበሮ መቺ የነበረው ዴቭ ግሮል ባንዱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994፣ ሲያትል አካባቢ አንድ ሳምንት ገደማ ስቱዲዮ ገብቶ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መሣሪያ ራሱ ተጫውቶ ሲያበቃ ሥራውን ፉ ፋይተርስ በሚል የቡድን ስም አወጣው። አሜሪካዊው ድምፃዊ ጀስቲን ቨርነንም ከባንዱ ተለይቶ፣ ዊስኮንሲን ውስጥ በሚገኝ የአባቱ የጫካ ጎጆ በረዶ በሚጥልበት ወራት ብቻውን የቀረጸውን ለሕዝብ ያቀረበው ቦን ኢቬር ብሎ ነው። እነርሱ ብቻቸውን ሠርተው የቡድን ስም ይሰጡታል፤ እኛ በቡድን ሠርተን የአንድ ሰው ስም እንሰጠዋለን።

ኢንጂነሩ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ዝምታዬ ሲረዝምበት «ሰውየው 1» ብሎ ጻፈና ፋይሉን አስቀመጠው። እስከ ዛሬም ሦስቱ ዘፈኖቼ በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ «ሰውየው 1»፣ «ሰውየው 2»፣ «ሰውየው 3» ተብለው ይገኛሉ።

ስቱዲዮው በቪላው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት ውስጥ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ግድግዳው በእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ ወፍራም ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ወለሉ ምንጣፍ ነው፣ ስምንት መስመር የሚቀበል የድምፅ ካርድ፣ ሁለት ኮንደንሰር ማይክና ጥቂት ዳይናሚክ ማይኮች አሉ። ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ይሠራል። ክፍያው በሰዓት ሲሆን እኔ መሀል ከተማ ከተጠየቅሁት ግማሽ ያህል ነው።

የጊታር ቀረጻው ግን ዘርዘር አድርጎ መነገር ይገባዋል። የእኔ ጊታር ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት በአንድ የሽቦ ጥቅል የሚለቅም) ያለው ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ይህ ዓይነቱ ፒክአፕ በዙሪያው ካለው ትራንስፎርመር፣ ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከማቀዝቀዣ ሞተር ያንኑ 50 ኸርዝና ብዜቶቹን ይለቅማል፤ ድምፁን የሚያዛባው ዲስቶርሽን ፔዳል ሲጨመርበት ደግሞ የንብ ቀፎ አጠገብ የተቀመጡ ያህል ያጉረመርማል። እስካሁን ያየኋቸው አብዛኞቹ ቀራጮች ይህን ጉርምርምታ በኮምፒውተር ለማጥፋት ይሞክራሉ፤ ከጉርምርምታው ጋር የጊታሩ ወዝ አብሮ ይጠፋል። ይህ ሰው መጀመሪያ መብራቱን አጠፋ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ክፍል ማቀዝቀዣ እንዲነቀል አደረገ። ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ሄድፎኑን አጥልቆ «ቀስ ብለህ ዙር» አለኝ። ዞርኩ። ጉርምርምታው አቅጣጫዬን ስቀይር እየጎላ እየሳሳ ሄዶ በአንድ ቦታ ላይ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «እዚያው!» ሲል ምንጣፉ ላይ ፕላስተር ለጠፈ። ያ አቅጣጫ ወደ ግድግዳው ጥግ የሚያይ ስለነበር ሦስት ቀን ሙሉ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቴን ወደ ጥጉ አዙሬ ስጫወት ከረምኩ። አምፕሊፋየሩ ፊት ያቆመውን ሹር ኤስ.ኤም. 57 ማይክ ደግሞ ከስፒከሩ እምብርት ወደ ጠርዙ በሁለት ጣት ያህል ገፋው፤ ጆሮ ይወጋ የነበረው ቅጥነት ወዲያው ረገበ። ከዚያ ጎን ለጎን ያልተዛባውን የጊታር ድምፅ በሌላ ትራክ ለብቻው ቀረጸው፤ ወደፊት ሐሳቤን ብቀይር እንደገና መጫወት ሳያስፈልገኝ ድምፁን በሌላ አምፕሊፋየር ማሳለፍ እንዲቻል ነው። አልጠየቅሁትም ነበር።

ሁለተኛው ዘፈን ትዝታ ነው፣ በሮክ አመታት። እዚህ ላይ ለሰባት ዓመት ሳላየው የኖርኩት ነገር ተገለጠብኝ። የሮክ ጊታር እንጀራው ፓወር ኮርድ ነው፤ ፓወር ኮርድ ደግሞ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ ይዞ ሦስተኛውን ይተዋል። ትዝታ ሜጀርንና ትዝታ ማይነርን የሚለዩአቸው እንግዲህ ሦስተኛውና ስድስተኛው ናቸው፤ ከሲ ብንነሳ አንደኛው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ሲል ሌላው ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይላል። ስለዚህ ጊታሬ የትኛው ትዝታ ውስጥ እንዳለን ሳይናገር ያልፋል ማለት ነው። በባንዱ ዘመን ይህን ይናገር የነበረው ቤዝ ተጫዋቹ ነበር፤ በየመሸጋገሪያው ሦስተኛዋን ድምፅ ዳሰስ አድርጎ ያልፋል፣ እኔም ሥራው መሆኑን ሳላውቅ በእርሱ ላይ ተደግፌ እዘፍናለሁ። ኢንጂነሩ ቀረጻውን አቁሞ «ጊታርህ ምንም አይልም፤ ድምፅህ ደግሞ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነው። ወስን» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቅንብሩን ስንበታትንና ስንገጣጥም ዋልን፤ በመጨረሻ ከሁለተኛው አንጓ ጀምሮ ሦስተኛዋን ድምፅ የምትነካ ቀጭን የጊታር መስመር ገባች። የዚያ ዕለት ሒሳብ ከብዶኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ከከፈልኩት ሁሉ ያ ነው በትክክል የተከፈለው።

ድምፄን ስንቀርጽ ደግሞ የባሰ መጣ። አንደኛው ዘፈን ውስጥ «ልቤ ውስጥ አለ» የሚል ሐረግ አለኝ። አምስተኛው ሙከራ ላይ በሄድፎኑ «ምን አለ?» የሚል ጥያቄ መጣ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ ምቱ ላይ ለመድረስ ስቸኩል «ለ»ን ሳላጠብቃት አልፌ ኖሮ፣ በልቤ ውስጥ መኖሩን ልናገር ያልኩት ሰው በልቤ ውስጥ የሆነ ነገር የተናገረ ሰው ሆኖ አረፈው። ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማይጽፍ ግጥሙን ወረቀት ላይ ያየ ሁሉ ስህተት አያገኝበትም፤ መድረክ ላይ ደግሞ የሁለት ጊታርና የከበሮ ጫጫታ ሸፍኖልኝ ኖሯል። ያን አንድ ሐረግ አሥራ አራት ጊዜ ዘፈንኩት። በአሥራ አራተኛው ኢንጂነሩ ምንም ሳይናገር ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈ፤ የዚያ ቤት ሙገሳ ይኸው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ለስለስ ያለውን መግቢያ እየቀረጽን ሳለ ዝናብ ወረደ። የሰርቪስ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ኮርኒስና የሆነ የድምፅ መከላከያ ቢኖርም የነሐሴን ዝናብ የሚመክት አይደለም፣ ይህም የስቱዲዮው አንደኛው ግልጽ ጉድለት ነው። ቀረጻውን መልሰን ስንሰማ ዝናቡ ከጊታሩ ሥር እንደ ቆሎ ይንጣጣል። እኔ ወደድኩት። «እንተወው፣ ስሜት አለው» አልኩ። ኢንጂነሩ ያለዝናብ የተቀረጸውን ያለፈውን ቀን ሙከራ አጫወተኝና «ዝናቡን የወደድከው ሦስተኛው ኮርድ ላይ ዘግይተህ የገባኸውን ስለሸፈነልህ ነው» አለ። ደግሜ ሰማሁት። ዘግይቻለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ ለጥበቃው ግን አላስከፈለኝም።

ከቆርቆሮው ሌላ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ የሚጀምር ድምፅ አለ። በትልቁ ቤት የሚኖሩት የኢንጂነሩ እናት ቡና ይወቅጣሉ፤ የሙቀጫው ዱብታ በግድግዳው ሳይሆን በወለሉ በኩል ተጉዞ ማይክ መቆሚያው ላይ ይወጣል። በዚያ ሰዓት ልጃቸው በመስኮት ብቅ ብሎ «እማዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሺን» ይላቸዋል፣ እርሳቸውም ይታገሣሉ፤ ነገር ግን አምስት ደቂቃ ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀጫው ይቀጥላል፣ እኛም እንነሳለን፣ ቡናው እስከ ሦስተኛው ይጠጣል። የሚቆጣጠር ሰው ይህን የባከነ ሰዓት ሊለው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን እናቲቱ ስኒውን እያቀበሉኝ «ልጄ፣ ለብቻህ ነው እንዴ የመጣኸው? ባንድ ሲመጣ እኮ ስኒ አይበቃኝም» አሉኝ።

ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ። ቤቱ ሙሉ የድራም ስብስብ የለውም። ከበሮው በኮምፒውተር ነው የሚሠራው፤ ለዘመናዊ ፖፕ ያስኬድ ይሆናል፣ ለሮክ ግን እያንዳንዱ ምት እኩል ጉልበት ይዞ ሲወርድ ዘፈኑ መራመዱን ትቶ ይቆጥራል። ኢንጂነሩ ምቶቹን አንድ በአንድ እያላላ ለማስተካከል ሞክሯል፤ በአንደኛው ዘፈን ተሳክቶለታል፣ በሦስተኛው አልተሳካለትም።

ሚክሲንጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃዱ፣ ላይም አልተስማማንም። እኛ አገር ድምፃዊው ከሙዚቃው ፊት ጎልቶ መሰማት አለበት የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነው፣ አድማጩም ግጥም ሊሰማ ነው የሚመጣው። ኢንጂነሩም በዚያ መንገድ ድምፄን ከጊታሮቹ አውጥቶ ሰቀለው። በትዝታው ትክክል ነበር። በመጀመሪያው ዘፈን ግን ድምፁ ከጊታሮቹ ጋር መታገል ነበረበት፤ ሲሰቀል ትግሉ ቀረና ዘፈኑ ከበስተኋላው ሞተር የሚጮህበት ንግግር መሰለ። ሁለት ጊዜ አስመልሼው ሦስተኛውን ተቀበልኩ። በመጨረሻው ማጠናቀቂያ፣ በማስተሪንጉ፣ ላይ ደግሞ ድምፁን ከመጠን በላይ ጨምቆታል። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ሲያጫውት ጩኸታቸውን በተለመደው አሠራሩ ወደ ኔጌቲቭ 14 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. (የጩኸት መለኪያ ነው) ያስተካክላል፤ ከዚያ በላይ ጨምቆ የላከ ሰው መልሶ ዝቅ ይደረግበታል እንጂ ከሌላው ጎልቶ አይሰማም፣ በጭመቃው የጠፋው የከበሮ ጉልበት ግን አይመለስም። ይህን ነግሬው «ታክሲ ውስጥ እንዲሰማ ነው» አለኝ። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የሮክ ሙዚቃ የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም።

መብራት በዘጠኙ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠፍቷል። ለኮምፒውተሩ የባትሪ መጠባበቂያ ስላለ ፋይል አልጠፋም፤ አምፕሊፋየሩን ግን ስለማይችለው ሥራው ይቆማል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋት የምለው የቀጠሮውን ጉዳይ ነው፤ በአንድ ሳምንት ይደርሳል የተባለው የመጀመሪያ ሚክስ አምስት ሳምንት ፈጅቷል፣ በመሀሉ ስደውል «ነገ» የተባልኩበትን ብዛት ቆጥሬ ትቼዋለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚወጣ ሰውም ባጃጅ ስለማያገኝ፣ በኮብልስቶኑ ላይ ከውሾች ጋር እየተያየ እስከ አስፋልቱ መውረድ እንዳለበት አስቀድሞ ይወቅ።

ስለ መብት አንድ ነገር መጨመር አስፈላጊ ነው፤ ከባንድ የወጣ ሰው ሁሉ ይገጥመዋልና። ሦስተኛው ዘፈን ዜማው የእኔ፣ ግጥሙ ግን ከቀድሞው የባንዳችን ድምፃዊ ጋር በጋራ የተጻፈ ነበር። ኢንጂነሩ መቅረጽ ሳይጀምር «ግጥሙ የማነው?» ብሎ ጠየቀና እውነቱን ስነግረው ጓደኛዬ ፈቃዱን በጽሑፍ ካልሰጠ አልቀርጽም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በጋራ ለተሠራ ሥራ የጋራ ባለቤትነት ይሰጣል፣ የኢኮኖሚ መብቱም ከጋራ ደራሲዎቹ የመጨረሻው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል፤ ጓደኛሞች በነበርንበት ጊዜ ይህ ትዝ ያለው ሰው የለም። ጓደኛዬ ፈቃዱን በአንድ ገጽ ጽፎ ሰጠኝ። የሚያስቀው ግን የሌላውን መብት እንዲህ የጠበቀው ስቱዲዮ ከእኔ ጋር አንዲት መስመር ውል የሌለው መሆኑ ነው። አዋጁ የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰርንም መብት ስለሚያውቅ፣ ያ ሰው ከፋዩ እኔ እሆን ወይስ ቀራጩ የሚለው በጽሑፍ ቢቀመጥ ይሻል ነበር። የየትራኩን ፋይል በሃርድ ዲስክ የተቀበልኩትም ሦስት ጊዜ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሃርድ ዲስኩንና ለፊርማ የሚሆን ወረቀቱን በመጀመሪያው ቀን ይዞ ይሂድ።

የራሱ ባንድ፣ የራሱ አቀናባሪ፣ አንገቱን ነቅንቆ የሚያስተካክለው ጓደኛ ያለው ሰው ወደዚህ ስቱዲዮ ለመድረስ ባጃጅ መያዝ አያስፈልገውም፤ ቅርብ የሆነና ቆርቆሮ የሌለው ክፍል ቢከራይ ይሻለዋል። ብቻውን ለወጣ፣ በተለይ ዴሞውን ሁሉ ለሚወድ፣ እስካሁን ከገባሁባቸው ቤቶች ይህን የሚያህል አላገኘሁም። የመጀመሪያውን ነጠላ ዜማ በራሴና በአባቴ ስም ለማውጣት ወስኛለሁ።

ሦስተኛው ዘፈን አላለቀም። የኮምፒውተሩን ከበሮ አውጥተን በተከራየነው ድራም በእጅ እንዲመታ ከኢንጂነሩ ጋር ተስማምተን፣ ዝናቡ ቀለል ይላል ብለን በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቀጠሮ ይዘናል። የሚመታው የቀድሞ ባንዳችን ከበሮ መቺ ነው። ስደውልለት ወዲያው እሺ አለኝና ቀጥሎ «በሰዓት ስንት ነው የምትከፍለኝ?» አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ አልቀለደም። ከኢንጂነሩ እኩል ይከፈለዋል።